እስክትበላ

የሀሴት ምሳ ዕቃ በየቀኑ እኩሌታው ሳይነካ ወደ ቤት ይመለሳል። ፍርፍርም ይሁን ፓስታ፣ ዳቦ በእንቁላልም ይሁን ሩዝ፣ ልጅቷ መሀሉን በማንኪያዋ ትከፍልና አንዱን ወገን ትበላለች፤ ሌላውን ክዳኑን ገጥማ፣ ቀጭ እስኪል ተጭና ትዘጋውና ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። መምህሯ ፍቅርአዲስ መጀመሪያ የምግብ ፍላጎት ማጣት መስሏት ነበር። «ብዪ እንጂ የኔ ቆንጆ» እያለች ስታባብላት ሀሴት ሁለት እጇን ክዳኑ ላይ አድርጋ ቀና ብላ ታያታለች። አትቆጣም፣ አታለቅስም። ዝም ብቻ።

ኋላ ሰውን ሁሉ ያስጨነቀው ዝምታው ነው። ሀሴት ገመዳ አምስት ዓመቷ ነው። እስከ ጥር ድረስ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ወሬኛዋ እሷ ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ክብ ሠርተው የቤታቸውን ወሬ በሚያወሩበት ሰዓት እጇን ሳታወጣ ትጀምርና የሰውን ተራ ሁሉ ትጨርሰው ነበር። ከየካቲት ወዲህ ግን የአፀደ ሕፃናቱን በር አልፋ ከገባች እስክትወጣ አንዲት ቃል አትተነፍስም። ቤቷ ታወራለች። ሰርቪስ ውስጥ እንኳ አልፎ አልፎ ትስቃለች። በሩን ስታልፍ ግን አፏ እንደ ምሳ ዕቃዋ ክድን ይላል።

«ሚስ ዘውዴ፣ እኔን እኮ ስትሬስ ልትገድለኝ ነው» አለች ፍቅርአዲስ አንድ ቀን፣ የአማካሪዋን የዘውድነሽን በር በክርኗ ገፍታ። «ጠላችኝ መሰለኝ።»

«አልጠላችሽም። ጫማዋ ሲፈታ ወዳንቺ አይደል የምትመጣው?»

«እሱማ እግሯን ዘርግታ ትቆማለች፣ እንደ ንግሥት።»

«እንግዲያው አንቺን አይደለም» አለች ዘውድነሽ።

አፀደ ሕፃናቱ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ጀርባ ነው። ዘውድነሽ የሕፃናት አማካሪ ሆና የተቀጠረችው በመስከረም ነበር። ክፍሏ ቀድሞ የተሰባበሩ ወንበሮች ይከማቹበት ነበር፤ አሁን ምንጣፍ ተነጥፎበታል፣ አሸዋ የተሞላ ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ አለበት፣ ከአሮጌ ካልሲ የተሰፉ አሻንጉሊቶች አሉበት። በትንሿ መስኮት በኩል የእንጦጦ ተራሮች ጫፍ ከነባሕር ዛፉ ይታያል። ወላጆቹ ሥራዋ ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ ላይ ባለሱቁ ጠሀ እጁን አውጥቶ «ይቅርታ፣ የአምስት ዓመት ልጅ ምን ተብሎ ነው የሚመከረው? ትዳር ይቆይብህ ነው?» ብሎ አዳራሹን በሳቅ አፍርሶታል። ዘውድነሽም አብራ ሳቀች። «የሚመክሩኝስ እነሱ ናቸው» አለችው፤ «እኔ መሬት ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።»

እውነቷን ነበር። ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ልጆችን በጥያቄ አታጣድፍም። አብራቸው ምንጣፉ ላይ ትቀመጥና ትጠብቃለች።

የሀሴት ነገር ግን በመጠበቅ ብቻ የሚፈታ አልሆነም።

የሀሴት አባት ገመዳ የመንገድ ቀያሽ ነበር። ጥር ሊያልቅ ሲል ከሥራ ቦታው ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ለቅሶው እስኪያልፍ ልጅቷን መሪ ሰፈር ወዳለው ወደ አክስቷ ወደ ወንጌል ቤት ወሰዷት። ከሳምንት በኋላ ስትመለስ ድንኳኑ ተነሥቷል፣ የዕድሩ ወንበሮች ተጭነው ሄደዋል፣ የአባቷ ፎቶ ከግድግዳው ወርዷል፤ እናቷ ዶርቃም ቢጫ ሹራብ ለብሳ እየሳቀች ተቀበለቻት። «አባቢ ፊልድ ነው» አለቻት። «ሩቅ ነው ያለው፤ ስልክ የለም። መንገዱ ሲያልቅ ቸኮሌት ይዞ ይመጣል።»

በማግስቱ ዶርቃ ወደ አፀደ ሕፃናቱ መጣች። ዘውድነሽና ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ አስካለች ፊት ተቀምጣ፣ «ልጄ አታውቅም» አለች። «ትንሽ ትደግልኝ። እባካችሁ፣ ከናንተ አፍ እንዳትሰማ ቃል ግቡልኝ።»

ወይዘሮ አስካለች ወዲያው ቃል ገቡ። ዘውድነሽ ዘገየች።

«እኔ አልነግራትም» አለች በመጨረሻ። «ከጠየቀችኝ ግን አልዋሻትም።»

«ይዋሹ አላልኩም። ዝም ይበሉልኝ ነው።»

«እሺ። ከእኔ አትሰማም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶርቃ ሲኤምሲ ወዳለው ክሊኒክ፣ ካርድ ክፍል ወደምትሠራበት፣ ጥቁር ለብሳ ትሄዳለች። ማታ ስትመለስ ምድር ቤት ካለችው ጎረቤቷ ዘንድ ጎራ ትልና ጥቁሩን በፌስታል ጠቅልላ፣ ቢጫውን ሹራብ ለብሳ አራተኛ ፎቅ ትወጣለች። ሕንፃው በሙሉ ያውቃል። ዘበኛው ሳይቀር ሀሴትን ባያት ቁጥር «አባትሽ ሲመጣ ለኔም ኮፍያ ያምጣልኝ» ይላታል፤ ማገዙ ነው። ሕፃን ምን ያውቃል ተባለ። ሆድ ይፍጀው ተባለ። የማን ሆድ እንደሚፈጀው ግን የጠየቀ አልነበረም።

ሚያዝያ እንደገባ ወይዘሮ አስካለች ዘውድነሽን ቢሯቸው ጠሯት።

«ሁለት ወር አለፈ እኮ ዘውዴ። ፊደል ቁጠሪ ስትባል ወለሉን ታያለች። ምን ብዬ ወደሚቀጥለው ክፍል ላሳልፋት?»

«ፊደሉን ታውቀዋለች። በጣቷ እያመለከተች ታሳየኛለች።»

«በጣት ይነበባል እንዴ?» ወይዘሮ አስካለች መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር ሲበዛባቸው መነጽር ያወልቃሉ። «ለፋሲካ እስክንዘጋ ለውጥ ከሌለ ለእናቷ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ልዩ ድጋፍ ወዳለበት ትምህርት ቤት ትውሰዳት።»

«ያ ከዚህ ሁለት ታክሲ ነው። ጓደኞቿንም ልታጣ ነው፤ አባቷን ባጣችበት ዓመት።»

«አውቃለሁ። አውቄም ነው ሁለት ሳምንት የሰጠሁሽ።»

ዘውድነሽ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ያላደረገችው ነገር አልነበረም። ፊት የተሣለባቸውን ካርዶች ዘርግታላት ነበር፤ ያዘነ፣ የተቆጣ፣ የፈራ፣ የሳቀ። ሀሴት ሁልጊዜ የምታነሣው የሳቀውን ነው፤ ካነሣችው በኋላ ደግሞ አማካሪዋ ማመን አለማመኗን ቀና ብላ ታጣራለች። ቀኑ ሲያልቅ ዘውድነሽ የልጅቷን ኮሙኒኬሽን ደብተር ታወጣለች፤ በመምህርና በወላጅ መካከል የሚመላለሰውን፣ እናቷ ማታ ማታ የምታነበውን ደብተር። እዚያው ምንጣፉ ላይ፣ ሀሴት አጠገቧ እያለች፣ «ዛሬ በአሸዋ ተጫወተች፣ ደኅና ዋለች» ብላ ትጽፋለች። ሀሴት የእስክርቢቶውን ጫፍ ትከተላለች። ዘውድነሽ ይህን ፊደል መውደድ አድርጋ ወስዳው ነበር።

ሐሙስ ዕለት የበልግ ዝናብ እየጣለ ነበር፤ ተራሮቹ በጉም ተሸፍነዋል። ሀሴት ጫማዋን አውልቃ ሳፋው ዳር ተንበረከከች። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ጨዋታ ነው የምትጫወተው። ባዶ የጫማ ካርቶን አሸዋው መሀል ታስቀምጣለች፤ ቤት ነው። አንዷን አሻንጉሊት ውስጡ ታስተኛለች። አጠገቧ በቆርኪ አሸዋ ሞልታ ታኖርላታለች። ከዚያ ሌሎቹን አሻንጉሊቶች አንድ በአንድ ታነሣና በሶፍት ወረቀት ትጠቀልላቸዋለች፤ ጠቅልላም በካርቶኑ በር ፊት ለፊት በረድፍ ታቆማቸዋለች። ጨዋታው እዚህ ላይ ይቆማል። ማንም አያንኳኳም፣ ማንም አይገባም።

ዘውድነሽ እስከዚያ ቀን ሶፍቱን ብርድ ልብስ ነው ብላ ታስብ ነበር። ያን ዕለት ግን ሀሴት የአንዱን አሻንጉሊት ሶፍት ከትከሻው ላይ አንሥታ፣ ጫፉን ወደ አፉ አጠፈችው። ነጠላ ነው! ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ማልደው፣ ደጅ ላይ በረድፍ የሚቆሙ ሰዎች ምን ይዘው እንደሚመጡ በዚህ አገር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። ለመርዶ ነው። የዘውድነሽ እጅ አሸዋው ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ታውቃለች ማለት ነው። ልጅቷ ታውቃለች።

«እነዚህ ሰዎች ብርድ ላይ ቆመዋል» አለች ዘውድነሽ ቀስ ብላ፣ ለራሷ የምታወራ መስላ። «አይገቡም እንዴ?»

ሀሴት አይገቡም በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«ምን እየጠበቁ ይሆን?»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይንጣጣል። ሀሴት ቆርኪውን ወደተኛችው አሻንጉሊት ጠጋ አደረገችው።

«እስክትበላ» አለች።

ድምፅዋ ሻክሯል፤ ከብዙ ቀን በኋላ እንደተከፈተ በር ነው። ዘውድነሽ አልጮኸችም፣ አላጨበጨበችም፣ ጎሽ እንኳ አላለችም። አንድ እፍኝ አሸዋ አንሥታ በጣቶቿ መሀል ለቀቀችው።

«እህ። እስክትበላ። ከበላች በኋላስ?»

«ከዚያ ይነግሯታል።» ሀሴት ዞር ብላ መደርደሪያውን አየች። «ደብተሩ ላይ ልትጽፊው ነው?»

«የትኛው ደብተር?»

«የኔ። ማሚ ማታ የምታነበው።»

ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ፣ እዚሁ ምንጣፍ ላይ፣ በልጅቷ ዓይን ፊት! እዚህ ግቢ የተባለ ነገር ሁሉ ተጽፎ እናቷ ዘንድ እንደሚደርስ ያስተማረቻት ራሷ ዘውድነሽ ናት። ብድግ ብላ ደብተሩን አነሣችና ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ሁለቱም ከማይደርሱበት ቦታ ወረወረችው።

«ዛሬ ምንም አይጻፍም።»

ሀሴት ደብተሩ ያረፈበትን ቦታ ትንሽ አየችው። ከዚያ የካርቶኑን ጠርዝ በጣቷ እየዳሰሰች፣ «አባቢ ሞቷል» አለች። «ማሚ ግን አታውቅም።»

ከዚያ በኋላ የቀረው መስማት ብቻ ነበር። ሀሴት አክስቷ ቤት ፍራሽ ላይ ዓይኗን ጨፍና ተኝታ ነበር፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም። ትልልቆቹ፣ ሽማግሌው ጋሽ ቱሉም ጭምር፣ ስለ ሴት አያቷ ይመክሩ ነበር፤ ወለጋ ስላሉት፣ ልጃቸው መሞቱን ስላልሰሙት። «ድንገት ከሰማች ልቧ ቀጥ ይላል አለ ጋሽ ቱሉ። በስልክ አይሆንም አለ። ሽማግሌ ይሂድ፣ በጠዋት። መጀመሪያ እህል ትቅመስ አለ። እስከዚያ አፉን የከፈተ ወየውለት አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቤት ስመጣ ማሚ ቢጫውን ለብሳ ትስቃለች። አባቢ ፊልድ ነው አለችኝ። አልነገሯትማ!»

«አንቺስ ልትነግሪያት አሰብሽ?»

«አትበላም እኮ!» ሀሴት መዳፎቿን ዘረጋች፤ ነገር ቶሎ የማይገባው ሰው ሲገጥመው ትልቅ ሰው እንደሚያደርገው። «አንዴ ነክሳ ትተወዋለች። ግማሽ ምሳዬን እወስድላታለሁ፣ እሱንም ጠገብኩ ትላለች። ደግሞ…» ትንሽ አሰበች፤ «ደግሞ እኔ ሽማግሌ አይደለሁም።»

ዘውድነሽ ሳቋም እንባዋም እኩል መጣባት፤ ሁለቱንም ዋጠቻቸው።

«አይደለሽም» አለች። «እውነትሽን ነው።»

«እንዳትነግሪያት። ቃል?»

ዘውድነሽ የተዘረጋችውን ትንሽ ጣት አየች።

«ቃል» አለች።

በዚያ ቀን በታክሲ ወደ ቤቷ ስትመለስ ነገሩን አገላበጠችው። እናት ከልጅ እንዲደበቅ ቃል አስገብታታለች፤ ልጅ ደግሞ ከእናት። አንድ መርዶ በሁለት ሰው ተከፍሎ እሷ ዘንድ አደራ ተቀምጧል። ለእሷ የባሏ መርዶ የመጣው በስልክ ነበር፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ፣ ምሳ ሳትበላ። ስለዚያ ቀን ከዚህ አልፋ አታስብም። መስኮቱን ዘጋ አድርጋ ወደ ሀሴት ነገር ተመለሰች።

በማግስቱ ሀሴትን ጠየቀቻት። «ይህ ነገር ለአንድ ሰው ይከብዳል። ሽማግሌ ብንጠራስ?»

ሀሴት አሰበችበት። «ጋሽ ቱሉ ይምጣ። እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። ግን ከበላች በኋላ።»

«ከበላች በኋላ» አለች ዘውድነሽ።

ዶርቃ ሰኞ ከሥራ ወጥታ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ፌስታሏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በልጆቹ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ በሁለት ወር የቀሚሷ ወገብ ሁለት ጊዜ ጠብቧል።

«ስለ ደብዳቤው ነው?» አለች። «ወይዘሮ አስካለች ደውለውልኛል።»

«ደብዳቤው እንዳይጻፍ ነው የጠራሁሽ። ልጅቷ እንድትናገር ከፈለግን ቤት ያለው ነገር መነገር አለበት።»

«ይኸው!» ዶርቃ ፌስታሉን ጨመቀችው። «አንድ ቀን እንዲህ እንደሚሉኝ አውቄ ነበር። ልጅ ናት እኮ! እኔ አልቻልኩትም፣ እሷ ትችለዋለች? ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባሏን ቀብራ ልጇ ፊት የቆመች ሴት ካልሆነች በቀር ይህ ነገር ለማንም አይገባውም።»

ዘውድነሽ ቀሚሷን በጉልበቷ ላይ ዘርጋ አደረገች። ዝናብ ያረጠበውን መስኮት ትንሽ አየችና፣ «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አለች። «ምሳ ዕቃዋ ግማሽ ሆኖ ሲመለስ ምን ትላለች?»

«አንቺ ብዪው ትለኛለች።» ዶርቃ ሳታስበው ፈገግ አለች። «ልብሴን እንኳ ሳትቀይር በማንኪያ ይዛ ትመጣለች። በግድ ነው የምታጎርሰኝ። አልርበኝም ስላት ትቆጣለች።»

«ስትበዪላትስ?»

«አፌን ታየዋለች። መዋጤን ታያለች። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች የሆነ ነገር ልትል ትልና… ‹ትንሽ ነው የበላሽው› ብላ ትተወዋለች። በየቀኑ ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ።»

«ዶርቃ፣ በኛ አገር ሰው እህል ሳይቀምስ የማይነገረው ምንድን ነው?»

ከውጭ የልጆች ጩኸት ይሰማል፤ ኳስ አጥሩን መታ። «መርዶ…» ብላ ጀመረች ዶርቃ። ፌስታሉ ከጉልበቷ ተንሸራትቶ ወደቀ፤ የቢጫው ሹራብ እጅጌ ብቅ አለ።

«አይሆንም» አለች በሹክሹክታ። ቀጥላም፣ «ከመቼ ጀምሮ?» አለች።

«እስከ ዛሬ ለሁለታችሁም ቃል ጠብቄያለሁ። አሁን ራስሽ ደረስሽበት፤ እንግዲህ ልንገርሽ።» ነገረቻት፤ ፍራሹን፣ አያትየዋን፣ ቀጥ የሚለውን ልብ። ዶርቃ ሹራቡን ከወለሉ አንሥታ ፊቷ ላይ አድርጋው ቆየች።

«እኔ ደረጃ ሥር ልብስ እቀያይራለሁ» አለች ከሹራቡ ውስጥ። «እሷ ምሳዋን ትከፍላለች። ጌታ ሆይ፣ ምን ዓይነት ቤት ነው የሠራነው?»

«የሚዋደዱ ሰዎች ቤት» አለች ዘውድነሽ።

ለቅዳሜ ተቀጣጠሩ። ጋሽ ቱሉ የገመዳ አጎት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ወለጋ ድረስ ሄደው ለአያትየዋ መርዶውን የነገሩትም እሳቸው ነበሩ። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከወንጌልና ከዘውድነሽ ጋር ደረጃውን ሲወጡ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆሙ። ጉሙ ከእንጦጦ ላይ ገና አልተነሣም።

«እኔ ነኝ እንግዲህ ያስተማርኳት» አሉ። «‹አፉን የከፈተ ወየውለት› ያልኩት እኔ ነኝ። ስንት ቤት መርዶ ነግሬያለሁ፣ ለሕፃን ግን ነግሬ አላውቅም። ምን ልበላት? ወደ ጌታ ሄደ ልበል?»

«የሄደ ሰው ይመለሳል ጋሼ። ትጠብቀዋለች። ሞተ ይበሉ፤ ስለ ጌታ በኋላ ቀስ ብለው ይነግሯታል።»

«ቃሉ ይከብዳል።»

«ሁለት ወር ተሸክማዋለች።»

ጋሽ ቱሉ ራሳቸውን ነቅንቀው መውጣት ቀጠሉ። አራተኛ ፎቅ ደርሰው በሩ ላይ ሲቆሙ ከውስጥ የሀሴት ድምፅ ተሰማ።

«ይቺን ብቻ! የመጨረሻ ናት አልኩሽ! አኝኪያት እንጂ!»

ዘውድነሽ ልታንኳኳ እጇን አነሣች። ጋሽ ቱሉ ክንዷን ያዝ አደረጓት።

«ቆይ» አሉ። «ትብላ።»

ሦስቱም በረድፍ ቆሙ፤ የጋቢያቸውና የነጠላቸው ጫፍ አፋቸው ላይ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሩ ራሱ ተከፈተ። ሀሴት ፒጃማዋን እንደለበሰች ወደ ላይ አንጋጣ አየቻቸው።

«በልታለች» አለች። «ግቡ።»

ዶርቃ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ አለ። ሀሴት ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን ያዘች፤ ሊያመው የሚችል ሰው እንደሚያዝ አድርጋ። ጋሽ ቱሉ ወንበር ስበው ከሁለቱ ፊት ዝቅ ብለው ተቀመጡ።

«ይህን የምነግረው ለሁለታችሁም ነው» አሉ። ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት። «ሀሴት፣ አባትሽ ገመዳ ሞቷል። መኪና ተገልብጦ ነው የሞተው። የሞተ ሰው አይመለስም። አይርበውም፣ አይበርደውም፣ አያመውም። ማንም ያጠፋው ነገር የለም። እኛ ግን አለን። የትም አንሄድባችሁም።»

ሀሴት እሳቸውን አልነበረም የምታየው። የእናቷን ደረት ነበር።

ዶርቃ እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። «ሰምቻለሁ ልጄ» አለች። «የዚያኑ ቀን ሰምቼ ነበር። ፊልድ ነው ብዬ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። እንዳይከፋሽ ብዬ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ቢጫውን ስትለብሺም?»

«ያኔም።»

«ስትስቂም?»

«ስስቅም የኔ እናት።»

ሀሴት እጇን መነጨቀችና የእናቷን ጉልበት በጡጫዋ መታችው። «ብቻዬን እኮ ነው የያዝኩት! ምሳዬን እኮ ነው የሰጠሁሽ! እየራበኝ!» ጮኸች፤ ደግማ መታች፤ ከዚያ ጡጫው ተፈታና ለቅሶው መጣ። ሁለት ወር የተጠራቀመ ለቅሶ ነው፤ ሕንፃው ሰማው። ጋሽ ቱሉ ሊያባብሏት ብድግ ሲሉ ዘውድነሽ ክንዳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። ወንጌል ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ግድግዳውን ተደገፈች። ዶርቃ ልጇን እላይዋ ላይ አውጥታ አቀፈቻት፤ አብረው አለቀሱ።

ለቅሶው ወደ ሲቃ ሲቀንስ ሀሴት ጆሮዋን እናቷ ደረት ላይ ለጥፋ አዳመጠች።

«ይመታል» አለች። ቀና ብላ ጋሽ ቱሉን አየቻቸው። «ቀጥ አላለም።»

«አላለም» አሉ ጋሽ ቱሉ፤ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ዶርቃ የገመዳን ፎቶ ልታመጣ ስትነሣ ሀሴት ቀድማት ሮጠች፤ መሳቢያው ውስጥ፣ አንሶላዎቹ ሥር መሆኑን ታውቃለች። በየቀኑ ታየው ነበር። ወንጌል ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው፤ ሀሴት ተጣመመ አለች፣ እንደገና ሰቀለችው። ጋሽ ቱሉ አጭር ጸሎት አደረጉ። ዶርቃ ቢጫውን ሹራብ አውልቃ ጥቁሩን እዚያው ቤቷ ውስጥ ለበሰች። ሀሴት እጅጌውን ዳሰሰችው።

«ሰኞ ለሚስ ፍቅርአዲስ ራሴ እነግራታለሁ» አለች ቆይታ። «በወሬ ሰዓት። ለሁሉም።» ደግሞ አሰበችና፣ «ደብተሩ ላይም ጻፊው፤ አሁን ይቻላል» አለች።

«እሺ፣ እጽፈዋለሁ» አለች ዘውድነሽ። ነጠላዋን አስተካክላ ለመሄድ ተነሣች። ይህ የቤተ ዘመድ ሰዓት ነው፤ ከዚህ በኋላ የእሷ ሥራ አይደለም። በሩ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ ቀሚሷን ተያዘች።

«ሚስ ዘውዴ፣ አንቺስ በልተሻል?»

«ኧረ በልቻለሁ» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ገና በጨለማ ነው ከቤቷ የወጣችው፤ ሻይ እንኳ አልቀመሰችም። ልጅቷ ያበጡ ዓይኖቿን ሰቅላ ትጠብቃለች፤ በካርድ ጨዋታው ጊዜ ታይ እንደነበረው፣ አሁን ግን መዋሸት አለመዋሸቷን እያጣራች።

«አልበላሁም» አለች ዘውድነሽ።

ሀሴት ከጠረጴዛው ላይ ዳቦ ቆርሳ ማርማላታ ቀባችበት፣ ጣቷም አብሮ ተቀባ። ዘውድነሽ በሩ አጠገብ በርከክ አለችላት፤ አፏን ከፈተች። ዳቦው ደርቋል፤ ማርማላታው በዝቶበታል። ቀስ ብላ አኘከችው። ሀሴትም አማካሪዋ ውጣ እስክትጨርስ ድረስ ከፊቷ አልተንቀሳቀሰችም።